ስለ ረሃብ ቀድሞ ያዜመው፣ ከመዝሙሩ ግን ደጅ የቀረው ጆን ዴንቨር

ከዴንቨር መሐል ከተማ ተነስቶ፣ ባለወርቅ ጉልላቱን የኮሎራዶ ግዛት ምክር ቤት አልፎ፣ በኮልፋክስ ጎዳና ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው በቅድሚያ የድሮ ሸክላ የሚሸጥበት መደብር ያገኛል። ጉዞውን ሲቀጥል አውሮራ ላይ የእንጀራና የቡና ሽታ ይቀበለዋል፤ በአማርኛ የተጻፉ የምግብ ቤትና የሱቅ ማስታወቂያዎችም ከዓይኑ ይገባሉ።

የከተማዋን ስም የራሱ አድርጎ በዓለም ያዞረው ድምፃዊ ጆን ዴንቨር በሁለቱም ስፍራዎች አሻራ አለው። ሸክላዎቹ እዚያ ይሸጣሉ፤ የመጨረሻ ስንብቱ የተፈጸመው ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአውሮራ ነው።

ከሸክላዎቹ መካከል በብዛት የሚገኘው በአውሮፓውያኑ 1973 የወጣው የተመረጡ ሥራዎቹ ስብስብ ነው። ሚሊዮኖች ገዝተውታል፤ ሸክላ በሚሰበስብ አሜሪካዊ ቤት አንድ ቅጂ አይጠፋም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1977 መገባደጃ የታተመው «አይ ዎንት ቱ ሊቭ» የተሰኘ አልበም ግን ብዙዎች ሽፋኑን አይተው የሚያልፉት ነው። ርእሱ «መኖር እፈልጋለሁ» እንደማለት ነው።

ኢትዮጵያዊ አድማጭ ይህን ሸክላ ቆም ብሎ የሚያዳምጥበት ምክንያት አለው። የአሜሪካ ስመ ጥር ድምፃውያን ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ በአንድነት ከመዘመራቸው ሰባት ዓመታት በፊት፣ ስለ ረሃብና ስለ ሕፃናት ያዜመ ሰው ሥራ ነውና። ያ ሰው ታላቁ መዝሙር በተቀረጸበት ሌሊት ስቱዲዮው ውስጥ አልነበረም። ልሳተፍ ብሎ ጠይቆ፣ አይሆንም ተብሏል።

የተዋሰው ስም

ሲወለድ የተሰጠው ስም ሄንሪ ጆን ዶይቸንዶርፍ ነበር። የተወለደው በ1943 የመጨረሻ ዕለት፣ በኒው ሜክሲኮ ግዛት ሮዝዌል በተባለች ከተማ ነው። አባቱ ቢ-58 በተሰኘው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የፍጥነት ክብረ ወሰን ያስመዘገቡ የአየር ኃይል መኮንን ነበሩ። የሰማዩ ጀግና ግን በቤታቸው ፍቅርን መግለጽ የሚቸገሩ፣ ኮስታራ ሰው ነበሩ።

ቤተሰቡ የአባትየውን ሥራ ተከትሎ ከአሪዞና ወደ አላባማ፣ ከዚያም ወደ ቴክሳስ ተዘዋወረ። ልጁ ከአንድ ሰፈር ልጆች ጋር ሳይላመድ ወደ ሌላ ይወሰዳል። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው ከአያቱ በ1910 የተሠራች አሮጌ ጊብሰን ጊታር ተበረከተችለት። በየአዲሱ ትምህርት ቤት ጓደኛ የሚያፈራውም በዚህችው ጊታር ሆነ።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ የአባቱን መኪና ይዞ ሙዚቀኛ ለመሆን ወደ ካሊፎርኒያ ኮበለለ። አባቱ በአውሮፕላን ተከትለው መለሱት። ለጊዜው ታዞ ትምህርቱን ጨረሰ፤ በቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲም የሕንፃ ንድፍ ማጥናት ጀመረ። በ1963 ግን ትምህርቱን አቋርጦ ሎስ አንጀለስ ገባ።

እዚያ ነው «ኒው ክሪስቲ ሚንስትረልስ» የተባለውን ቡድን የመሠረተው ራንዲ ስፓርክስ ረጅሙ የጀርመን ስም ለመድረክ ማስታወቂያ እንደማይመች የነገረው። ወጣቱ የሚወዳቸውን ተራሮች አሰበና የኮሎራዶን ዋና ከተማ ስም ወሰደ። በዴንቨር ኖሮ አያውቅም ነበር።

ከተማዋ ራሷም ስሟን ያገኘችው በተመሳሳይ አጋጣሚ ነው። በ1858 ሰፋሪዎች ሲቆረቁሯት በካንሳስ ገዥ በጄምስ ዴንቨር ስም የሰየሟት፣ በእርሳቸው ዘንድ ሞገስ ለማግኘት ነበር። ሰውየው አስቀድመው ሥልጣናቸውን ለቀዋል፤ ወሬው ግን ገና አልደረሰም።

አዲሱን ስም የያዘው ድምፃዊ በ1965 በ«ቻድ ሚቸል ትሪዮ» ውስጥ የመሪውን ቦታ ተካ። በቀጣዩ ዓመት በራሱ ገንዘብ ጥቂት ቅጂዎች ያሉት ሸክላ አሳትሞ ለወዳጆቹ የገና ስጦታ አድርጎ አደለ። በዚያ ሸክላ ላይ የነበረ አንድ ዘፈን ስሙ ተቀይሮ «ሊቪንግ ኦን ኤ ጄት ፕሌን» ተባለ፤ «ፒተር፣ ፖል ኤንድ ሜሪ» ተጫውተውትም በ1969 መጨረሻ በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ለገና ስጦታ የታደሉት እነዚያ ሸክላዎች ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጓቸው ናቸው።

የተራሮቹ ዘፋኝ

ዝናው የገነነው በ1971 ነው። ቢል ዳኖፍና ታፊ ኒቨርት የጀመሩትን «ቴክ ሚ ሆም፣ ካንትሪ ሮድስ» የተሰኘ ዘፈን አብሯቸው ጨርሶ ተጫወተው። በዓለም ዙሪያ ከአገሩ የራቀ ሰው ሁሉ የሚያንጎራጉረው ይህ ዜማ፣ በ2014 ከዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ሕጋዊ መዝሙሮች አንዱ ሆኗል።

በዚያው ሰሞን ከባለቤቱ ከአኒ ማርቴል ጋር ወደ ኮሎራዶ ተሻግሮ አስፐን በተባለችው የተራራ ከተማ ኑሮውን መሠረተ። በ1972 «ሮኪ ማውንቴን ሃይ» ወጣ። ዘፈኑ የተፀነሰው በተራራ ሐይቅ ዳር፣ የኮከብ ዝናብ ሲወርድ ባየበት ሌሊት ነው። ተራሮቹ በግንባታ መቆፈራቸውም በዘፈኑ ውስጥ ያሳስበዋል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር የኮሎራዶ መራጮች ዴንቨር ልታስተናግደው የነበረውን የ1976 የክረምት ኦሊምፒክ በሕዝብ ገንዘብ አንደግስም ብለው ድምፅ ሰጡ፤ ውድድሩም ወደ ኢንስብሩክ ሄደ። ዘፈኑ ለዚያ ውጤት ምክንያት ነበር ማለት ያስቸግራል፤ የወቅቱን ስሜት መያዙ ግን አያጠራጥርም። የግዛቲቱ ሸንጎ በ2007 ሁለተኛ መዝሙሩ አድርጎ አጽድቆታል።

በ1974 እና በ1975 አራት ዘፈኖቹ በአሜሪካ አንደኛ ወጡ። ከእነዚህ አንዱ፣ በባለቤቱ ስም የሚጠራው «አኒስ ሶንግ»፣ የበረዶ ሸርተቴ ተጫዋቾችን ወደ ተራራ በሚያወጣ ተንጠልጣይ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ በደቂቃዎች ውስጥ የፈጠረው ነው። የኮሎራዶ ገዥም የግዛቲቱ ባለቅኔ ሲሉ ሰየሙት።

ይህ ሁሉ ስኬት ግን በሙዚቃው መንደር ተቀባይነትን አላስገኘለትም። ለሮክ ወዳጆች እጅግ የለሰለሰ፣ ክብ መነጽር ያደረገ ፈገግተኛ ልጅ ነበር። ለናሽቪል የካንትሪ ሰዎች ደግሞ ከውጭ የመጣ እንግዳ።

በ1975 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ አዝናኝ አድርጎ መረጠው። ሽልማቱን የሚያበስረው የቀደመው ዓመት አሸናፊ ቻርሊ ሪች ፖስታውን ከፈተ፤ ከኪሱ ክብሪት መለኮሻ አውጥቶ ወረቀቱን በእሳት አያያዘና ስሙን ጠራ። ዴንቨር በሳተላይት ከአውስትራሊያ እየተከታተለ ስለነበር መድረኩ ላይ የሆነውን ሳያውቅ በትሕትና አመሰገነ። ሪች ተቃውሞውን መግለጹ ነበር ወይስ መጠጥና መድኃኒት አሳስተውት፣ ዛሬም ያከራክራል።

በመደርደሪያው የተረሳው ሸክላ

«አይ ዎንት ቱ ሊቭ» የወጣው ያ የዝና ማዕበል መርገብ በጀመረበት ጊዜ ነው። እንደ ቀደሙት «ባክ ሆም አጌን» እና «ዊንድሶንግ» የሠንጠረዥ አናት ላይ አልወጣም። ዛሬ «አሜሪካና» በሚል ስም የሚጠራው፣ ካንትሪን፣ የሕዝብ ዜማንና ብሉዝን የሚያዋህደው ዘርፍ ያኔ በዚህ ስም አይታወቅም ነበር፤ አልበሙ ግን ከዚያ ቤተሰብ መሆኑ ጥርጥር የለውም።

ዴንቨር ራሱ ከጻፋቸው ሌላ የወዳጆቹንም ሥራዎች አካትቶበታል። ከቶም ፓክስተን አንድ ብሉዝ ወስዷል። ከኤሪክ አንደርሰን የወሰደው «ተርስቲ ቡትስ» በ1960ዎቹ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ለጥቁሮች መብት ሲታገል ቆይቶ ለተመለሰ ወዳጅ የተጻፈ ነው። «ሪፕሊን ዋተርስ» የጂሚ ኢቦትሰን ነው፤ ጊታሩ እንደ ጅረት የሚፈስበት፣ ምናልባትም ከአልበሙ ሁሉ ደጋግሞ ለመስማት የሚጋብዘው። ስለ አላስካ ምድረ በዳ የሚያዜመው «ቱ ዘ ዋይልድ ካንትሪ»ም አለ። ዴንቨር የአላስካ ተፈጥሮ በሕግ እንዲጠበቅ ከሚከራከሩት ወገን ነበር፤ በ1980 መጨረሻ ፕሬዝዳንት ጂሚ ካርተር የፈረሙበት ሕግ ከ40 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት እንዲጠበቅ አድርጓል።

የአልበሙን ስም የሰጠው ዘፈን የሚገኘው በሁለተኛው ገጽ ማገባደጃ ላይ ነው። ሰው ሸክላውን አጋማሽ ላይ ቢያነሳ ሳይሰማው ይቀራል። በደረቀ ሜዳ በሐዘን የሚያድጉ ሕፃናትን ያነሳል፤ በፀሐይ ብርሃን በደስታ የሚያድጉትንም ከጎናቸው ያቆማል፤ ከዚያ ወደ ውቅያኖስ ወርዶ የዓሣ ነባሪን ዜማ ያዳምጣል። ለዘመኑ ሰው ጆሮ የዋህነቱ ሊበዛ ይችላል። ከበስተጀርባ ከፍ የሚለው ቅንብርም ያረጀ ይመስላል።

አንድ ነገሩ ግን አላረጀም። የሚናገረው በአንደኛ መደብ ነው። መኖር እፈልጋለሁ የሚለው ረሃብተኛው ራሱ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ በለንደን ስለ ኢትዮጵያ የተቀረጸው ዝነኛ መዝሙር ርእሱ፣ እነርሱ የገናን መድረስ ያውቁ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ነበር። ከሺህ ስድስት መቶ ዓመታት በላይ ክርስትናን ይዞ ለቆየና ገናን ለሚያከብር ሕዝብ ጥያቄው ግራ የሚያጋባ ነው። በዴንቨር ዘፈን ውስጥ «እነርሱ» የሚባል የሩቅ ወገን የለም።

ዘፈኑ እንዲሁ ከስሜት ብቻ የመጣ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. ከደረሰው የወሎ እልቂት በኋላ፣ በ1974 መጨረሻ በሮም የተሰበሰበው የዓለም የምግብ ጉባኤ በአሥር ዓመት ውስጥ አንድም ሕፃን ተርቦ የማያድርበት ጊዜ እንዲመጣ ቃል ገብቶ ነበር። ዴንቨር ይህን ቃል ከልባቸው ከወሰዱት አንዱ ሆነ። በ1977 ከቨርነር ኤርሃርድና ከሮበርት ፉለር ጋር «ዘ ሀንገር ፕሮጀክት»ን መሠረተ። ድርጅቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምግብ ከማቅረብ ይልቅ ሰውን በማንቃት ላይ በማተኮሩ ብርቱ ነቀፌታ ገጥሞታል፤ ነቀፌታው መሠረተ ቢስ አልነበረም። ቆይቶ ግን ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ ገጠሮች ወደ ልማት ሥራ ገብቷል።

በ1978 ፕሬዝዳንት ካርተር የዓለምን ረሃብ የሚያጠና ኮሚሽን ሲያቋቁሙ ዴንቨርን አባል አድርገው ሾሙት። ዘፈኑም የኮሚሽኑ መለያ ዜማ ሆነ። ሌላው ሙዚቀኛ አባል ሃሪ ቻፒን ነበር። ኮሚሽኑ በ1980 ባቀረበው ዘገባ አሜሪካ ከድሃ አገሮች ጋር ባላት ግንኙነት ረሃብን ማጥፋት ዋና ዓላማዋ እንዲሆን መከረ። ካርተር ብዙም ሳይቆዩ ሥልጣን ለቀቁ፤ ቻፒን ደግሞ በ1981 በመኪና አደጋ ሞተ።

ሁለት ሰባ ሰባት

የአልበሙ ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1977 ነው። ኢትዮጵያውያን «ሰባ ሰባት» ሲሉ ግን ሌላ ዓመት፣ ሌላ ነገር ነው በልባቸው የሚመጣው። ያ ዘመን የመጣው በሮም የተገባው ቃል አሥር ዓመቱን በሞላበት ወር አካባቢ ነው።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክ ከኮረም ያቀረበው፣ መሐመድ አሚን የቀረጸው የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። በለንደን «ባንድ ኤይድ» ተሰባሰበ። በአሜሪካ ሃሪ ቤላፎንቴ ሐሳቡን አነሳ፤ ያደራጀው ኬን ክሬገን ነበር። ክሬገን የሟቹ የሃሪ ቻፒን ማናጀር የነበረ ሰው ነው።

ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን ጻፉ። ጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም. ሌሊት ከ40 የሚበልጡ ድምፃውያን ሆሊውድ በሚገኝ ስቱዲዮ በኩዊንሲ ጆንስ መሪነት ዘመሩት። የኢትዮጵያ አድማጭ የሚወደው ኬኒ ሮጀርስ ነበር፤ ዊሊ ኔልሰን ነበር፤ ቦብ ዲለንና ሬይ ቻርልስም ነበሩ። የካንትሪውም የሕዝብ ዜማውም በር ክፍት ነበር ማለት ነው።

ዴንቨር አልነበረም። ስለ ረሃብ ድርጅት የመሠረተው፣ በፕሬዝዳንት ኮሚሽን የተቀመጠው፣ በርእሰ ጉዳዩ ላይ ሙሉ አልበም የሰየመው ሰው እንዲሳተፍ ጠይቆ ነበር። ክሬገን በኋላ እንደገለጸው፣ የዴንቨር ገጽታ የመዝሙሩን የፖፕና የሮክ ክብር ይቀንሳል ብለው ያሰቡ ሰዎች በርካታ ነበሩ። እርሱ ባይስማማም ሳይወድ በግድ መልሶታል። ዴንቨርም በ1994 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ልቡ እንዴት እንደተሰበረ አልሸሸገም።

የተመለሰበትን ምክንያት ሲያስቡት ያስገርማል። ሕዝብ በረሃብ እያለቀ የመልክና የዝና ጉዳይ ተመዘነ። በሌላ በኩል መዝሙሩ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባስቧል፤ የአዘጋጆቹ ስሌት በገንዘብ ረገድ አልከሰረም። የዴንቨር ድምፅ ቢጨመር ይህ ገንዘብ ይቀንስ ነበር ብሎ ማመን ግን ይከብዳል።

እርሱ ከጉዳዩ አልራቀም። በድርቅ የተጎዱ የአፍሪካ አገሮችን ከጎበኘ አጥኚ ልዑክ ጋር ተጉዟል፤ ፕሬዝዳንት ሮናልድ ሬገንም ረሃብን ለመዋጋት ላደረገው አስተዋፅኦ ሸልመውታል። በዚያው በ1985 መስከረም ላይ በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርቦ የዘፈን ግጥም ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት መለጠፍን ተቃወመ። ስለ ተራራና ስለ ከዋክብት የዘፈነው «ሮኪ ማውንቴን ሃይ» የዕፅ ዘፈን ተደርጎ መወሰዱን ያስረዳውም በዚያ ዕለት ነው። በ1987 ደግሞ ለቸርኖቢል ተጎጂዎች በሶቪየት ኅብረት ተጫወተ።

ሰማይና ስንብት

በአደባባይ የሰላምና የፍቅር ዘፋኝ የነበረው ሰው በቤቱ እንዲያ አልነበረም። ከአኒ ጋር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተፋታ። በንብረት ክፍፍሉ ተቆጥቶ አንገቷን እንዳነቀ፣ የትዳር አልጋቸውንም በኤሌክትሪክ መጋዝ እንደ ከፈለ በሕይወት ታሪኩ አምኗል። ሁለተኛ ትዳሩም አልጸናም። በ1990ዎቹ ጠጥቶ በማሽከርከር ሁለት ጊዜ ተይዟል።

በእነዚህ ዓመታት ያልተለየው ነገር ቢኖር በረራ ነው። ያስተማሩት አባቱ ናቸው፤ በልጅነቱ ያላገኛቸውን አባት ያገኘውም በአውሮፕላኑ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር።

ጥቅምት 2 ቀን 1990 ዓ.ም. እሑድ፣ በቅርቡ በገዛት፣ በግለሰብ በተገጣጠመች «ሎንግ-ኢዚ» የተባለች ትንሽ አውሮፕላን ለብቻው ሲበር በካሊፎርኒያ ሞንቴሬይ የባሕር ወሽመጥ ተከስክሶ ሞተ። 53 ዓመቱ ነበር። መርማሪዎች እንደደረሱበት ነዳጁ አነስተኛ ነበር፤ ከአንዱ ታንከር ወደ ሌላው የሚያዞረው መቆጣጠሪያም የተገጠመው ከአብራሪው ግራ ትከሻ ጀርባ ነበር። እጁን ወደ ኋላ ልኮ ለመድረስ ሲሞክር አውሮፕላኗን ሳያስበው ሳያዞራት አልቀረም።

በዚያው ዓመት ለሕፃናት ያዘጋጀው የባቡር ዘፈኖች አልበም ከሞተ በኋላ ግራሚ አገኘ። በሕይወት ሳለ በግራሚ ውድድር አሸንፎ አያውቅም።

የቀብር ሥነ ሥርዓቱ የተፈጸመው ጥቅምት 7 ቀን በአውሮራ፣ ፌይዝ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ነው። የመሩት ቀድሞ የአየር ኃይል ቄስ የነበሩ ጡረተኛ ፓስተር ነበሩ። ከዚያ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ በሚታዩት የሮኪ ተራሮች ላይ ተበተነ።